ድቡን የመለሰችው ልጅ

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ትንሽ የኅትመት ሱቅ ውስጥ ዲዛይነር ነኝ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ለስፖርት ቀን ማስኮት፣ ማለትም ትምህርት ቤቱን የሚወክል የእንስሳ ምስል፣ እንድንሠራለት አዘዘን። ርዕሰ መምህሯ የፈለጉት ድብ ነበር። እኔ ተከራከርኩ። "እዚህ አገር ድብ የት አለ? ከዳዊት ታሪክ ውጪስ ማን ያውቀዋል? ጣና ዳር ተቀምጠን፣ ጉማሬ እያለልን!" አልኳቸው። "እንግዲህ ባለሙያው አንተ ነህ" አሉኝ።

ጉማሬውን ሦስት ሌሊት ሠራሁት። ክብ ሆድ፣ ትንንሽ ጆሮ፣ ሰማያዊ ማሊያ። አንድ ናሙና ቲሸርት አትሜ ክፍል ይዤ ገባሁ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያለች አንዲት ልጅ ግን ዝም ብላለች። "አላማረሽም እንዴ?" ስላት የቲሸርቱን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ እኔ ገፋችው።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአባዬን ታንኳ የገለበጠው ነው" አለችኝ።

ክው አልኩ። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በደንገል ታንኳ ነው የሚሠራው። ለእኔ ጉማሬ ማለት ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል በጀልባ ሄደን ፎቶ የምናነሳው እንስሳ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ማታ ከውሃ ወጥቶ የበቆሎ ማሳ የሚያወድም፣ አባት እስኪመለስ እንቅልፍ የሚነሳ አውሬ ነው።

መጀመሪያ ማንበብ የነበረብኝን የድቡን ነገር ያን ማታ አነበብኩ። የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሯጮች እ.ኤ.አ. በ1895 ወርቃማ ድብ ያለበት ሰማያዊ ባነር ይዘው ለውድድር ወጡ፤ ቡድኖቻቸው እስከ ዛሬ በድብ ይጠራሉ። በ1902 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥተው ታስሮ የቀረበላቸውን ድብ አልተኩስም አሉ። ነገሩ በጋዜጣ ካርቱን ሆኖ ወጣ፣ ብሩክሊን ያሉ ባልና ሚስት ባለሱቆች አሻንጉሊት ሰፍተው በእሳቸው የቁልምጫ ስም ቴዲ አሉት። ድብ ደግሞ እንደ ሰው በሁለት እግሩ መቆም ይችላል፤ ሰው የድብ ልብስ ለብሶ ሲጨፍር የሚያምረው ለዚህ ይመስለኛል። በርክሌይም በ1941 እንደዚያ ያለ ማስኮት አመጣች።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ በ1911 ድቡን ባንዲራዋ ላይ በሕግ ስታጸድቅ፣ እዚያ የነበረው ግሪዝሊ ድብ እየታደነ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ከ1920ዎቹ ወዲህ አንድም አልቀረ። ሰዎች ድቡን ያቀፉት መፍራት ሲያቆሙ ነው። ከብቶቹን ድብ የጨረሰበት የድሮ ገበሬ ያን ማሊያ ለልጁ የሚያለብስ አይመስለኝም።

በነጋታው ርዕሰ መምህሯ ጋ ሄጄ "የእርስዎ ሐሳብ ይሻላል፣ ድቡን በራሴ ወጪ እሠራዋለሁ" አልኳቸው። ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ግን ክፍል ተመልሼ ልጅቷን "ድቡ እጁ ላይ ምን ይያዝ?" ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና "መቅዘፊያ" አለችኝ።

መቅዘፊያ ይዟል።