ቦስተን ላይት

ዛሬ ዕረፍት ነበርኩ። ጓደኛዬ ጎትጉታ ጎትጉታ የቦስተንን ወደብ የምታስጎበኝ ጀልባ ላይ አሳፈረችኝ። ነፋሱ ጉድ ነው፤ በበጋ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ።

ወደቡ መግቢያ ላይ፣ ሊትል ብሩስተር በምትባል ሚጢጢ ደሴት፣ ቦስተን ላይት የሚባል ነጭ የመብራት ማማ ቆሟል። በፈረንጆቹ 1716 ሲበራ ዛሬ አሜሪካ በምንለው ምድር የመጀመሪያው ነበር። እንግሊዞች በ1776 ከወደቡ ሲወጡ አፈነዱት። በ1783 እንደገና ተሠራ።

አንጀቴን የበላው ግን የመጀመሪያው ጠባቂ ነው፣ ጆርጅ ዎርዚሌክ። በ1718 ከነሚስቱና ከነልጁ ወደ ማማው ሲመለስ ጀልባቸው ተገልብጣ ሰጠሙ። ስለ እነሱ ግጥም የጻፈው ማን መሰላችሁ? ኋላ ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የሆነው፣ ያኔ የ12 ዓመቱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን! ከተማ ውስጥ እየዞረም ሸጦታል። (ልጁ ያኔውኑ ነጋዴ ነበር።)

መብራቱ በየ10 ሴኮንዱ አንዴ ብልጭ ይላል። ሌላው ማማ ሌላ ምት አለው። መርከበኛው በጨለማ ሴኮንድ ይቆጥርና የት እንዳለ ያውቃል። ብርሃኑን ሰብስቦ ሩቅ የሚልከው በ1859 የተገጠመው ትልቅ ሌንስ ነው፤ ዙሪያውን በተደረደሩ የመስታወት ቁርጥራጮች ጨረሩን አጥፎ ወደ አንድ አቅጣጫ ይወረውረዋል። ጭጋግ ሲወርድስ? ድሮ መድፍ ይተኮስ ነበር።

ጓደኛዬ «በጂፒኤስ ዘመን ይሄ ምን ያደርጋል?» አለች። ካፒቴኑ ሰምቷት ኖሮ ሳቀና «ስክሪኑ ሲጠፋስ?» አላት።