ከኮሎኝ እስከ ሮም ከእማዬና ከጋሼ ጋር

ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን ሲመጣ እዚህ ጀርመን የምንኖር ሰዎች መጀመሪያ የሚታየን ፓሪስ ነው። ኤፍል ታወር ሥር ፎቶ መነሳት፣ ከዚያ ብራስልስ፣ ከዚያ አምስተርዳም። እናቶች እንዲህ ሲዞሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቤት ሲገቡ የሚያወሩት ስለ እግራቸው ሕመም ነው። ያዩት ሁሉ ተደበላልቆባቸዋል።

እማዬና ታላቅ ወንድሟ ጋሼ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ፍራንክፈርት ሲመጡ እኔ ሌላ ነገር አሰብኩ። ገና ከአገራቸው ሳይወጡ የሚያውቁት ታሪክ ያለበት ቦታ ልውሰዳቸው አልኩ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋ ሰው ናት። ጋሼ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ሁለት ከተማ ይበቃቸዋል፤ ኮሎኝና ሮም።

ስለ ቪዛው ብዙ አልልም። እኔ እዚህ ወጪያቸውን እንደምችል ፈረምኩ፣ እነሱ እዚያ ወረቀታቸውን አስገቡ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የሸንገን ቪዛ አንዴ ከተመታ ለጀርመንም ለጣልያንም ይሠራል። በ180 ቀን ውስጥ የሚፈቀደው እስከ 90 ቀን ነው፤ ግን ፓስፖርቱ ላይ ስንት ቀን እንደተጻፈ ማየት ግድ ነው። ያነሰ ሊሰጡ ይችላሉ።

ከፍራንክፈርት ኮሎኝ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። መንገዱ ግን ዋሻ ይበዛዋል። እኛ የራይንን ወንዝ ይዞ በኮብሌንዝ በኩል የሚሄደውን ቀስ ያለ ባቡር ያዝን። ሽማግሌ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም ባይ ነኝ። ቁጭ ብለው፣ ዳቦ ቆሏቸውን እየበሉ፣ አገር ያያሉ። እማዬ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ወይን የተተከለው እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ገደል ላይ ነው።

«ይኼን ማን ያርሰዋል? በሬ አይቆምበት!» አለች።

ብዙው ቦታ ላይ ሰው እየተንጠላጠለ በእጁ እንደሚለቅመው ስነግራት «አይ የሰው ልጅ፣ እንጀራ ፍለጋ የማይወጣው የለ» ብላ አዘነችላቸው። ካውብ የምትባል ከተማ ፊት ለፊት ደግሞ ወንዙ መሃል ላይ ነጭ ግንብ ቆሟል። ድሮ ከሚያልፉ ጀልባዎች ቀረጥ የሚሰበሰብበት ነበር። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ «ኬላ ነዋ!» ብለው ተነሥተው ቆሙ። ከዚያ እስከ ኮብሌንዝ ስለ ጥንት ነጋዴዎችና ስለ ኬላ አስረዱን።

አሁን ወደ ኮሎኝ ያመጣኝን ነገር ልናገር። እኔ ባለሁበት ሕንፃ አንዳንድ ጎረቤቶች በራቸው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ፊደልና ቁጥር አለ። እማዬ በመጣች በማግስቱ አይታ «ምንድን ነው?» አለችኝ። በፈረንጆች ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ሕፃናት እንደ ሰብአ ሰገል ለብሰው፣ ዘውድ ደፍተው፣ እየዘመሩ በየቤቱ ይዞራሉ። ለድሆች ልጆች ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ ቤቱንም ባርከው በሩ ላይ ይጽፋሉ። ጽሑፉ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ይኼን ስነግራት ደስታዋ ልዩ ነበር። «የሰብአ ሰገል አጽም ያለበት ካቴድራል እኮ ቅርብ ነው» ስላትማ የማደርገው አልነበረም፣ በማግስቱ ለመሄድ ተነሣች።

ከኮሎኝ ባቡር ጣቢያ ሲወጡ ካቴድራሉ አጠገብ ነው፤ 157 ሜትር ቁመት አለው፣ ጫፉን ለማየት አንገት ወደ ኋላ ይቀለበሳል። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1248 ሲሆን ያለቀው በ1880 ነው። መሃል ላይ ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ሥራው ቆሞ ነበር። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ካሰቡ በኋላ «መሠረቱ ሲጣል ንጉሥ ላሊበላ ካረፈ ገና ብዙ አልቆየም» አሉ። ይኼን የሚል አስጎብኚ አላጋጠመኝም።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጫማ አይወለቅም እንዴ?» አለችኝ። አይወለቅም አልኳት። ደስ አላላትም። ከዚያ የበሩን ድንጋይ ተሳልማ ገባች።

አጽሙ ያለበት ሣጥን ከመንበሩ በስተኋላ በመስታወት ውስጥ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል፤ ሁለመናው በወርቅ የተለበጠ፣ ዙሪያውን ነቢያትና ሐዋርያት የተቀረጹበት። አጽሙ ከሚላኖ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1164 ነው፤ ካቴድራሉም የተጀመረው ለእሱ ማረፊያ እንዲሆን ነው። የእውነት የእነሱ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት ትቻለሁ። እማዬ አልተጠራጠረችም። «ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ» እያለች በጣቷ ሦስት ቆጠረች። ከዚያ የዘመዱን ሁሉ ስም አንድ በአንድ ጠራች፤ የታመመውን፣ ሥራ ያጣውን፣ የተሰደደውን። ሻማም ለኮሰች። ውጭ እንደወጣን እህቷ ጋ በቪዲዮ ደውላ «የቆምኩበትን ብታውቂ!» አለቻት።

ሮምን ለጳጉሜ 5 ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ጋሼ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ዜናውን የሰሙት ከአባታቸው ነው። አባታቸው ደግሞ ሲስቁ ብዙም አይታዩም ነበር።

እኛ የሄድንበት ዕለት ረቡዕ ስለሆነ ጾም ነው። ለዚህ ሮም አትቸግርም። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። ቤተሰብ ይዛችሁ ለምትሄዱ ይኼን ስም ያዙ። ውኃም አትግዙ፤ መንገድ ዳር ቀን ከሌት የሚፈሱ ቧንቧዎች ከ2,000 በላይ ናቸው፣ ንጹሕና ነፃ። ጠዋት ቅዱስ ጴጥሮስ ሄደን በኢዮቤልዩ ዓመት ብቻ በሚከፈተው ቅዱስ በር አለፍን። ሰዉ ጢም ብሎ ነበር። ከባሲሊካው ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እንደ ልብ ስለማይገባ በሩቁ ተሳለምነው።

ሲመሻሽ ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስን። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1947 ውል ፈርማ እስክትመልሰው 2005 ደረሰ፤ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ሄደ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተመርቆ ቆመ። አሁን አደባባዩ ላይ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ ለሞቱት መታሰቢያ ሁለት ዓምዶች አሉ። ጎን ያለው ትልቁ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ የተጀመረው ለጣልያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነው። ጋሼ ሐውልቱ የነበረበትን በዓይናቸው ለኩ። 24 ሜትር። «ባዶ ሆኖ ሳየው ነው ደስ ያለኝ» አሉ።

አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የወጣው እዚሁ ሐውልቱ አጠገብ ነው። ከዚህ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ዳር ዳሩን ጥድ አለው። ቀስ እያልን ሄድን። የዚያን ቀን ሩጫ የተጀመረው አመሻሽ ላይ ስለነበር ሲጨረስ ጨልሟል፤ መንገዱን በችቦ ነበር ያበሩት። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፣ የዓለም ምርጥ ሰዓት። ራዲ የገባው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው።

ቅስቱ ጋ ስንደርስ ጋሼ «እስቲ ሰዓት ያዢ» አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። እሳቸው ፊታቸውን ወደመጣንበት አዙረው፣ በከዘራቸው ድንጋዩን እየመቱ መቁጠር ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሰዉ እያለፈ ያየናል። 25 ላይ ሲደርሱ «ይኼን ሁሉ ጠበቀው!» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። 25 ሰከንድ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ረጅም ጊዜ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እማዬ እልል አለች። አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ «አበበ ቢቂላ» ስላት ወዲያው ገባትና እጃቸውን ጨበጠች።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ወደ ኤርፖርት ከመሄዳችን በፊት፣ ቴርሚኒ አጠገብ ያለውን የዶጋሊ ሐውልት አሳየኋቸው። የግብፅ ሐውልት ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣልያን ጦር ሟቾች ስም ተጽፎበታል። የጣቢያው አደባባይ ራሱ በእነሱ «የአምስት መቶዎቹ» ተብሎ ይጠራል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስሞቹን ማንበብ ያዙ።

«ልጆች ይሆናሉ እኮ። ነፍስ ይማር» አለች እማዬ።

«በሰው አገር ምን አገባቸው!» አሉ ጋሼ።

«እሱንማ የላኳቸውን ነው መጠየቅ።»

ጋሼ መልስ አልሰጡም፤ ማንበባቸውን ቀጠሉ። የኤርፖርቱ ባቡር የሚነሳው ከዚያው ከቴርሚኒ ስለሆነ ሰዓቱ እስኪደርስ አላስቸኮልኳቸውም።