የአየር ቱቦው ቦታ ሲሻማ፦ የሰብዉፈር ሳጥን ሥራዬ እስካሁን

ለመኪና ባለ ቱቦ (የአየር መውጫ ያለው) የሰብዉፈር፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ ሳጥን መንደፍ ስጀምር የሚያደክመኝ የጣውላው ሥራ መስሎኝ ነበር። ጣውላው ቀላል ነው፤ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ)፣ ኮላ፣ ብሎን፣ መጋጠሚያው ላይ ሲሊኮን። ፋታ የሚነሳው ቱቦው ነው።

ለባለ 12 ኢንቹ ሰብዉፈር 60 ሊትር የተጣራ ይዘትና የሳጥኑ መቃኛ ድምፅ እንዲሆን 33 ኸርዝ (በሰከንድ 33 ንዝረት) መረጥኩ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ስለሚሰጥ፣ ቱቦው የሚያግዘው ክልል ከዚያ በታች እንዲጀምር ፈለግሁ። ነገሩ የባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲባል ከሚሰማው ድምፅ አይለይም። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ክብደት ይሆናል፤ የሳጥኑ አየር ደግሞ ስፕሪንግ። ቱቦው ሲረዝም ወይም ሳጥኑ ሲሰፋ የሚቃኝበት ኸርዝ ይወርዳል፤ ቱቦው ሲሰፋ ግን ይወጣል።

ፈተናው የመጣው ከዚሁ ነው። ለ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ስሌቱ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ሰጠኝ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ኃይል ሲጨመር አየሩ በጠባቡ አፍ እየተሽቀዳደመ ይነፋል፣ ከሙዚቃው ጋርም ይሰማል። ብዙ ሠሪዎች የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ ከ17 ሜትር ገደማ እንዳያልፍ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ሳሰፋው ርዝመቱ ወደ 70 ተመነጠቀ። ቱቦው ብቻውን ከ12 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ያ ቦታ ደግሞ ከ60ው ሊትር ውስጥ አይቆጠርም። የሰብዉፈሩን ጀርባና የውስጥ ድጋፎቹን ስጨምር ሳጥኑ ከ75 ሊትር አለፈ። «ሳጥኑ ትንሽ፣ ቤዙ ጥልቅ፣ ድምፁም ከፍተኛ ይሁን» ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ።

ቱቦው በቀጥታ ስለማይገባ አንድ መታጠፊያ አደረግሁለት፤ ርዝመቱን የለካሁት በመሃል መስመሩ ነው። የውስጥ ጫፉን ከግድግዳው ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ያህል አራቅሁት። የመጨረሻውን ቁራጭ ግን አላጣበቅሁም። የተቆረጠ ቱቦ አይረዝምም፤ ስለዚህ ሆን ብዬ ጠቅላላ ርዝመቱን 80 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ጀመርኩ፤ ሰብዉፈሩን እየፈታሁም እጄን በቀዳዳው አስገብቼ ቁራጩን እያወጣሁ አሳጠርኩት።

መለኪያዬ ዓይኔ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ንጹሕ ቃና ከ45 ኸርዝ ጀምሮ ቀስ እያልኩ ወደ ታች አወረድኩ፤ በጎን በኩል መብራት አበራሁ። ኮኑ (የሰብዉፈሩ ተንቀጥቃጭ ፊት) መንቀጥቀጡን እየቀነሰ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ የቆመ እስኪመስል ድረስ ይረጋጋል፤ እጅ ቱቦው አፍ ላይ ሲደረግ ግን አየሩ መዳፍን ይገፋል። ሳጥኑ የተቃኘው እዚያ ነው። መጀመሪያ 31 አካባቢ ነበር፤ ስቆርጠው ስቆርጠው 33 ላይ አረፈ። ኮኑ ዝም ባለበት ሰዓት ድምፁ ከቱቦው እየወጣ መሆኑን ማየት ከስሌቱ ሁሉ በላይ አስደሰተኝ።

ከዚያ በታች መውረድ ግን ያስፈራል። 22 ኸርዝ ላይ፣ በዚያው ዝቅተኛ ድምፅ፣ ኮኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሰፊው ይወረወራል፤ የሳጥኑ አየር መያዙን ትቶታልና። ቱቦ የሌለው ዝግ ሳጥን ይህ ጠባይ የለውም። ስለዚህ የአምፕሊፋየሩን ሰብሶኒክ ማጣሪያ፣ ማለትም ከተወሰነ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጠውን፣ 28 ኸርዝ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ይህ ማጣሪያ የሌለው አምፕሊፋየር ላለው ሰው ባለ ቱቦ ሳጥን አልመክርም።

አሁን የቀረኝ የቱቦውን ሁለት አፎች ጠርዝ ማሞለሞልና ሳጥኑን በመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አቅጣጫውን እየቀያየርኩ ማዳመጥ ነው። የቱቦው አፍ ከኋላው በር ጋር እንዳይጣበቅ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር እተውለታለሁ።