አዲስ መሪ ከገጠማችሁ በኋላ ፍሬቻው አልመለስ ሲል

መሪ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። ግን ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁ አንድ ጣጣ አለው። ከታጠፋችሁ በኋላ ፍሬቻው በራሱ መመለሱን ሊያቆም ይችላል። ሻጩም፣ ከሃቡ (አዲሱን መሪ ከመሪው ዘንግ ጋር ከሚያገናኘው ቁራጭ) ጋር የመጣው ወረቀትም፣ የገጠመልኝ መካኒክም ነገሩን ቀላል አድርገው ነው ያዩት። እኔ አልተውኩትም። ዛሬ በሁለቱም በኩል ልክ እንደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ በዚህም እኮራለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። የእኔ መኪና ኤርባግ የሌላት አሮጌ ናት። የእናንተ መሪ ኤርባግ ካለው አትቀይሩት። አንዳንድ ሻጮች ሬዚስተር አስገብታችሁ የዳሽቦርዱን የኤርባግ መብራት ማጥፋት ትችላላችሁ ይላሉ። መብራቱ ይጠፋል። ኤርባጉ ግን የለም። በአደጋ ጊዜ መብራት ፊታችሁን አያድንም።

አወላለቁ አጭር ነው። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። የክላክሱን ሽፋን አንሱ። ዘንጉና መሪው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ዳዶውን አላሉት እንጂ ጨርሳችሁ አታውጡት፤ መሪው በድንገት ሲላቀቅ ፊታችሁን እንዳይመታ የሚይዘው እሱ ነው። መሪው እምቢ ካለ ፑለር (ስቦ የሚያላቅቅ መሣሪያ) ተጠቀሙ። መዶሻ አይነካም። የብዙ መኪኖች የመሪ ዘንግ በግጭት ጊዜ ወደ ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ዘንጉን በመዶሻ መምታት ያንን ክፍል ይጎዳዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ መሪውን ከሃቡ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖች የተደረደሩበትን ክብ ስፋት ለኩ። የሞሞ እና የስፓርኮ መሪዎች በብዛት 70 ሚሊ ሜትር፣ የናርዲ ደግሞ 74 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሁለቱም ባለ 6 ቡሎን ስለሆኑ በዓይን አይለዩም።

እስከዚህ ድረስ ችግር አልነበረም። ችግሩ የጀመረው መንገድ ላይ ስወጣ ነው። ወደ ግራ ስታጠፍ ፍሬቻው ገና መታጠፊያው መሃል ላይ እያለሁ ይጠፋል። ወደ ቀኝ ደግሞ መሪውን በጣም ካላዞርኩት አይመለስም። አንዳንዴ ብዙ አዙሬውም አይመለስም።

መካኒኩ አንዴ ነካ ነካ አደረገና «ወንድሜ፣ ስዊቹ ሞቷል፤ አዲስ ግዛ» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በፊት ደህና የነበረ ስዊች መሪ ስለተቀየረ ብቻ እንዴት ይሞታል? ሻጩ ጋ ስሄድ የባሰ መልስ ጠበቀኝ። «ይሄ የተለመደ ነው፤ በእጅህ መልሰው» አለ። ወረቀቱም ፍሬቻው በራሱ ላይመለስ እንደሚችል ጽፏል። ይህ አሁንም ያናድደኛል። በራሱ መመለስ ቅንጦት አይደለም። በአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ቁጥር 108 የቤት መኪና ፍሬቻ በመሪው መዞር በራሱ እንዲመለስ ያስገድዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፍሬቻችሁ ሳታውቁ እየበራ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ፣ ከመገናኛው የሚወጣው ሹፌር ልትታጠፉ ነው ብሎ ፊታችሁ ይገባል።

ስለዚህ ራሴ ፈታሁት። አሠራሩ ሲገባችሁ ቀላል ነው። በመሪው ዘንግ ዙሪያ አንድ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ፍሬቻ ስታበሩ ከስዊቹ ውስጥ በሞላ የተያዘች ምላስ ወደ ቀለበቱ ብቅ ትላለች። ወደምትታጠፉበት ስታዞሩ ጉብታው ምላሷን ገፋ አድርጎ ያልፋል። መሪውን ስትመልሱ ግን ጉብታው ምላሷን ይይዛትና ማንሻውን ወደ መሃል ይመታዋል። በእኔ መኪና ቀለበቱን የሚያዞረው ከመሪው ጀርባ የሚወጡት ሁለት ፒኖች ናቸው፤ ቀለበቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ። ፋብሪካው የሠራው መሪ ሲወጣ ፒኖቹም አብረው ይወጣሉ፤ ሥራቸውን ሃቡ መረከብ አለበት።

አዲስ ስዊች ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። መሪውንና ሃቡን አውጡ። ፍሬቻውን ወደ ቀኝ አድርጉና ቀለበቱን በጣታችሁ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙሩት። ቀጥሎ በተቃራኒው። ማንሻው በሁለቱም በኩል ከተመለሰ ስዊቹ ጤነኛ ነው። የእኔ በሁለቱም በኩል ቀጭ ብሎ ተመለሰ። መካኒኩ ይህን ለመሞከር ደቂቃ አልፈለገም፤ እኔን ግን ስዊች ሊያስገዛኝ ነበር።

ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው የመካኒኩ ነው። ሃቡ ሲገባ መሪው ትንሽ ጠመም ብሎ ስለታየው፣ ሃቡን አውጥቶ በአንድ ጥርስ (ሃቡና ዘንጉ የሚያያዙበት ሸንተረር) አዙሮ ነው መልሶ ያስገባው። ዘንጉ 36 ጥርስ ካለው አንዱ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው። መሪው ለዓይን ተስተካከለ። ቀለበቱ ግን 10 ዲግሪ ዞሮ ቀረ፤ ስለዚህ በአንዱ በኩል ቶሎ፣ በሌላው ዘግይቶ ይይዛል። ጠማማ መሪ በሃቡ ጥርስ አይቃናም። በ6ቱ ቡሎኖችም አይቃናም፤ በመካከላቸው 60 ዲግሪ አለ። የሚቃናው ከታች፣ የፊት ጎማዎቹን በሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች፣ በታይሮዶቹ ነው። ሃቡን ወደ ቀለም ምልክቱ መለስኩት። ግራና ቀኙ እኩል ሆነ።

አንዳንዴ አለመመለሱ ግን አልቀረም። ሁለተኛው ጥፋት የሃቡ ነበር። የፒኖቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ግራሶ ቀባሁና ሃቡን አስገብቼ አወጣሁት። ቀለበቱ ላይ የአንዱ ፒን ምልክት በደንብ ይታያል፤ የሌላው የለም ማለት ይቻላል። አጭር ነበር። ቀዳዳው ውስጥ ሳይገባ ጠርዙን ብቻ እየነካ ይንሸራተታል። ፒኖቹ እንደ ቡሎን እየተጠመዘዙ የሚገቡ ስለነበሩ በረጃጅሞች ቀየርኳቸው። ሲረዝሙም ልክ አላቸው። ቀለበቱን ወደ ስዊቹ መጫን የለባቸውም፤ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉ። በሱፐር ግሉ ፕላስቲክ ለጥፉበት የሚላችሁን አትስሙ። ቢረግፍ የሚወድቀው መሪው ዘንግ አካባቢ ነው። ከሃቡ ሥር ሮንዴላ አስገብቶ ከፍታ ማስተካከልም አይሞከር፤ ሃቡ ጥርሱ ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት።

ስትመልሱት የፍሬቻው ማንሻ መሃል ላይ መሆኑን እዩ። በርቶ እያለ ሃቡን ብትጫኑት ምላሷን ልትሰብሩ ትችላላችሁ፤ ያኔ በእርግጥም ስዊች ትገዛላችሁ። ዳዶውን በመኪናው መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ አጥብቁ።

የቀረው አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል ነው። ባለሙያው እንደ መካኒኩ መሪውን ነቅሎ ሊያቃናው ቃጥቶት ነበር። «ከላይ እንዳትነካ፤ ከታይሮዱ አስተካክልልኝ» አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን ሠራው። እናንተም አላይመንት ባስደረጋችሁ ቁጥር ከጋራዡ ሳትወጡ ፍሬቻውን በግራም በቀኝም ሞክሩት።