ምርቃና የሚገባበት በር

ከግድግዳው ማዶ የጫት ባርጫው ደርቷል፣ የሁሉም ሐሳብ ሰማይ ነክቷል። ማታ ደግሞ ያው ክፍል ጭር ይላል፣ ድብርቱ ይመጣል። ይህ ሁሉ መውጣትና መውረድ በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ከተተከለ አንድ ፕሮቲን መተጣጠፍ ጋር መያያዙ ሁሌም ይደንቀኛል።

የዶፓሚን አጓጓዥ ይባላል። ዶፓሚን ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት፣ ሰውን የሚያነቃቃ ኬሚካል ነው፤ አጓጓዡ የተለቀቀውን ዶፓሚን ከነርቮች ክፍተት ለቅሞ ወደ መጣበት ሴል ይመልሳል። ሽፋኑን የሚሻገሩ 12 ጥምዝ ዘንጎች አሉት፤ 1ኛውና 6ኛው ወገባቸው ላይ የተፈቱ ናቸው፣ ሶዲየምና ዶፓሚን የሚያርፉትም እዚያ ነው። በሩ ወደ ውጭ ክፍት ሳለ ሁለት ሶዲየምና አንድ ክሎራይድ ይይዛል፣ ዶፓሚንም ይገባል። የውጩ በር ይዘጋል። ለቅጽበት ዶፓሚኑ ከላይም ከታችም ተዘግቶበት ይቆያል። ከዚያ የ1ኛው ዘንግ የታችኛው ግማሽ ወደ ጎን ሲሄድ የውስጡ በር ይከፈታል። ሴሉ ውስጥ ሶዲየም ጥቂት ስለሆነ ሶዲየሙ ይላቀቃል፤ ዶፓሚኑም የሚይዘው ሲያጣ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ሁለቱም በሮች አንድ ላይ ቢከፈቱ ሶዲየሙ ዝም ብሎ ይጎርፍ ነበር፣ ዶፓሚን የሚስብበት ጉልበትም ይባክናል። ሳይንቲስቱ ኦሌግ ጃርዴትዝኪ ይህን ተራ በተራ የመከፈት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲያቀርብ ቅርጹን ያየ ሰው አልነበረም። ከዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ምስል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፣ ያውም ከባክቴሪያ ዘመዱ።

የትኩስ ጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር የሆነው ካቲኖን ዶፓሚንን ስለሚመስል በዚያው በር ይገባል። ኮኬይን አይገባም፤ በሩ ወደ ውጭ እንደተከፈተ ይወሸቅና ይወትፈዋል። ካቲኖን ግን ሶዲየም አስከትሎ ሲገባ የውስጡ ሶዲየም ይጨምራል፣ ዶፓሚኑም ከውስጥ ተሳፍሮ ወደ ውጭ ይወጣል። ለቃሚው በታኝ ሆነ ማለት ነው። ቅጠሉን በኮባ ጠቅልለው ሳይደርቅ የሚያጣድፉትም ወደው አይደለም፤ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል።

የፈሰሰው ዶፓሚን የሚያርፍባቸው ሪሴፕተሮችም (መልእክት ተቀባይ ፕሮቲኖች) ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ሽፋኑን 7 ጊዜ ይሻገራሉ፤ ዶፓሚን ሲይዙ 6ኛው ዘንግ በውስጥ በኩል ወደ ዳር ይገፋል፣ በተከፈተው ቦታ መልእክቱን በሴሉ ውስጥ የሚያስተላልፈው ጂ ፕሮቲን ይገባል። በዘመዳቸው በአድሬናሊን ሪሴፕተር ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እንቅስቃሴ 1.4 ናኖሜትር ያህል ነበር። ይህን ታክላ ሰው ቀና የምታደርግ ርቀት!

ከሁሉ የሚያብሰለስለኝ ግን ሌላ ነው። የካቲኖንን የካርቦን ጅራት ብታስረዝሙትና ናይትሮጅኑ ላይ ቀለበት ብትጨምሩበት ተሳፋሪነቱ ቀርቶ እንደ ኮኬይን ወታፊ ይሆናል። ቀስ በቀስ፣ አንድ አንድ ካርቦን እየጨመርን ብንሄድ፣ በሩ መዘጋት የሚያቅተው በስንተኛው ላይ ይሆን? ወይስ በመሃል ግማሽ ተሳፋሪ፣ ግማሽ ወታፊ የሆነ አለ?