5 ቶን እና 30 ግራም

ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ድረስ የሄድነው ዝሆን ለመስማት ነበር። ማየቱማ በቴሌቪዥንም ይታያል። እኔ የጓጓሁት ሌሊት በድንኳናችን አጠገብ ሲያልፉ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ለመስማት ነው። ባለቤቴ «ዛሬ እንቅልፍ የለም» ብላ ቡና አፈላች። እኔም ስልኬ ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ትራሴ ሥር አኖርኩት።

ሌሊቱን ኮሽ ያለ ነገር የለም። ምናልባት ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ይሆናል። ሊነጋጋ ሲል ግን በመኪናችን በኩል ጦርነት ተነሣ፤ ጩኸት፣ ኳኳታ፣ እንደገና ጩኸት። ዘልዬ ወጣሁ። አንድ ድንቢጥ ስፖኪዮው ላይ ቆሞ ከገዛ ምስሉ ጋር ይደባደባል! ግዛቴን የደፈረ ሌላ ወንድ መጣ ብሎ መሆኑ ነው። 30 ግራም ገደማ ለምትመዝን ነፍስ ይህ ሁሉ ወኔ ከየት መጣ?

የባለቤቴን ነጠላ ይዤ ስፖኪዮውን ልሸፍን በባዶ እግሬ ስገሰግስ፣ ለብ ያለ ነገር ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጥኩ።

ሽማግሌው ስካውት ጠመንጃቸውን ተደግፈው ያዩኛል። «አይዞህ ልጄ፣ ትኩስ ነው። አሁን ነው ያለፉት።»

ዳናቸው በድንኳኑና በመኪናው መካከል ተዘርግቷል። አንድ ትልቅ ወንድ ዝሆን 5 ቶን ሊመዝን ይችላል፤ ከመቶ ሃምሳ ሺህ ድንቢጥ በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ክብደት የድንኳናችንን ገመድ እንኳን ሳይነካ ተራምዶን ሄደ። እግሩ ሥር ወፍራም የስብ ትራስ አለው፤ በዚያ ላይ በጣቶቹ ቆሞ የሚሄድ ያህል ነው። ከዘመዶቹ ጋር ሲነጋገርም ብዙ ጊዜ የእኛ ጆሮ በማይደርስበት ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለ ዝሆን ይሰማዋል፣ አጠገቡ የተኛው የአዲስ አበባ ሰው አይሰማም። ፈጣሪ ድምፅ ሲያድል ሚዛን አልያዘም!

እግሬን ስታጠብ ድንቢጡ ጠቡን ትቶ ወረደ። ዝሆን ከሚበላው ግማሽ ያህሉ ሳይፈጭ ስለሚወጣ ፋንድያው ውስጥ ፍሬ አይጠፋም። ወፉም እግሬ ገልብጦ ያዘጋጀለትን ማዕድ ያለ ምስጋና ይለቅም ጀመር።

አዲስ አበባ ስንመለስ ዘመድ ተሰብስቦ የቀዳሁትን ከፈትኩ። ከባድ፣ ጎርናና፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ወጣ። አማቴ አማተቡ። «በስመ አብ! እንዲህ ድረስ ተጠግቷችሁ ነው?»

«እማዬ» አለች ባለቤቴ፣ «እሱ ባሌ ነው።»