ወደ ጉጉፍቱ፣ ነፋሱን ፍለጋ

ወሎ የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ላሊበላን፣ ግሸንን ወይም ሐይቅ እስጢፋኖስን ብሎ ነው። እኔ ታኅሣሥ ላይ የተነሳሁት ነፋስ ለማየት ነው። መብራታችን ሁሉ በዝናብ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ነፋስም መብራት ያመነጫል። ስለዚህ ነፋስ የሚበረታበትን የወሎ ደጋ በእግሬ ቆሜ ማየት ፈለግሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ፣ ሐረጎ ላይ፣ ሐሳቤን የያዘው አንድ ክንፍ ነበር። አርሲ ውስጥ ኢተያ አካባቢ የተተከሉት ተርባይኖች፣ በነፋስ እየዞሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ማሽኖች፣ የአንዱ ክንፍ ርዝመት ከ60 ሜትር ይበልጣል። ከወደብ እስከ ተራራው የሚጓዘው ሙሉውን ነው። ሚኒባሳችን በየኩርባው ሲታጠፍ፣ ያንን የሚያህል ክንፍ የጫነ መኪና እዚህ እንዴት ይዞራል እያልኩ መንገዱን በዓይኔ እለካ ነበር። ስለ ነፋስ ኃይል ሲወራ ሰው የሚያነሳው ነፋሱን ብቻ ነው። መንገዱ ግን ትልቅ ሥራ ነው። ኩርባ ይሰፋል፣ ድልድይ ይጠናከራል፣ ከባድ ክሬን ተራራ ላይ ይወጣል። ወሎ ላይ ይህ ቀላል አይሆንም።

ደሴ ብዙ አልቆየሁም። ጦሳ ሥር ያለው የጠዋት ብርድ ለብቻው ታሪክ ነው። ፒያሳ ቡና ጠጣሁና ወደ መካነ ሰላም አቅጣጫ የሚሄድ መኪና ያዝኩ።

ጉጉፍቱ ላይ ስትደርስ ከ3000 ሜትር በላይ ነህ። ዛፍ ይሳሳል፤ ጅባራ ይጀምራል። ቤቶቹ የድንጋይ ናቸው። እረኞቹ ባና ደርበው ጀርባቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቆመዋል። የመኪናውን በር ስከፍት ነፋሱ ከእጄ ነጠቀው። ሾፌሩ «በሩን! በሩን!» ብሎ ጮኸ። ይሄ ነፋስ ዝም ብሎ እዚህ አልበረታም። ከአፋር ዝቅታ በኩል የሚመጣው አየር ደጋው ሲጋረጥበት ወደ ላይ ይወጣል። ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ መተላለፊያው ይጠበዋል፤ ሲጠበው ደግሞ ይፈጥናል። ተርባይን የሚተክሉ ሰዎች ሸንተረር የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ አውድማ አየሁ። ገብሱ ተወቅቶ አልቋል። አንድ ሽማግሌ መንሽ ይዘው ቆመዋል፤ የልጅ ልጃቸው ላይዳውን ይዟል። ነፋሱ ሲመጣ ያነሳሉ። እብቁ ወደ ምዕራብ ይበራል፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል። ነፋሱ ሲተኛ እሳቸውም መንሹን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ሰላም ብዬ ተጠጋሁ። ከሰላምታው በኋላ የመጣሁበትን ስነግራቸው አልተገረሙም።

«አባባ፣ ነፋሱ መቼ መቼ ነው የሚበረታው?»

«ረፋድ ላይ ይነሳል ልጄ። ከሰዓት ይብሳል። ሌሊት ያርፋል። ክረምት ሲገባ እንዲህ ያለው የለም፤ የበጋ ነው እሱ።»

የበጋ ነው ያሉት ነገር ለእኔ የጉዞው ሁሉ ፍሬ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል የውኃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድብ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። ደጋው ላይ ነፋሱ የሚበረታው ደግሞ ውኃው መጉደል በሚጀምርበት ወቅት ነው። ነፋስ ሲኖር ግድቡ ውኃውን ይዞ መቆየት ይችላል። ነፋስ ሲጠፋ ግድቡ ይለቃል። ብዙ አገሮች የነፋሱን መዋዠቅ ለመሸፈን ውድ ባትሪና የጋዝ ማመንጫ ያስፈልጋቸዋል። እኛ ግድቦቹን ሠርተን ይዘናል። «ግድብ እያለን ነፋስ ለምን?» የሚለውን ክርክር የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ ፊዚክስ ይወዳል። ነፋሱ ክንፉን ገፍቶ ያዞረዋል ብሎ ነበር የሚያስበው። መሬት ላይ በእንጨት ሳልኩለት። የተርባይን ክንፍ የተሠራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ነው። አየሩ በሁለቱ ጎኖች እኩል ግፊት አይኖረውም፤ ልዩነቱ ክንፉን ወደ ጎን ይስበዋል። ሦስቱ ክንፎች በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ገደማ ነው የሚዞሩት። ጄኔሬተር ግን ፈጣን ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ተርባይኖች አናታቸው ላይ ካምቢዮ አላቸው፤ ዙሩን ወደ 1500 አካባቢ ያሳድጋል። አዳማ አንድ በሚባለው የነፋስ ማመንጫ ያሉት ግን ካምቢዮ የላቸውም። ክንፎቹ ጄኔሬተሩን በቀጥታ ያዞሩታል።

ልጁን ይበልጥ የያዘው ሒሳቡ ነበር። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 6 ሜትር የነበረው 7 ቢሆን፣ አንዷ ሜትር 60 በመቶ ገደማ ጉልበት ትጨምራለች። በሁለት ጎረቤት ሸንተረሮች መካከል ያለች ትንሽ ልዩነት አንዱን አዋጪ፣ ሌላውን ኪሳራ ልታደርገው ትችላለች። ደጋው የሚያስከፍለው ነገርም አለ። 3000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ እዚህ ጉልበቱ ያነሰ ነው። ደግሞ ማንም ተርባይን የነፋሱን ጉልበት ሁሉ መውሰድ አይችልም። ጣሪያው 59.3 በመቶ መሆኑን ጀርመናዊው አልበርት ቤትስ ካሰላው መቶ ዓመት አልፎታል።

ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ጠየቁ። «ሲበረታስ? ይሰበር የለም ወይ?»

ነፋሱ በሰከንድ 25 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ማሽኑ ክንፎቹን ራሱ አዙሮ ነፋሱን ያሳልፋል፤ ከዚያ ይቆማል አልኳቸው።

«እኔም አቆማለሁ» አሉ። «ሲበዛማ ፍሬውንም ይዞት ይሄዳል።»

ዓለም ወደዚህ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ አስኮቭ በምትባል መንደር ፖል ላ ኩር የተባለ መምህር በትምህርት ቤቱ ግቢ የነፋስ ወፍጮ ተክሎ ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። ዛሬ ዴንማርክ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩ የነፋስ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የዓለም የነፋስ ማመንጫ አቅም በጠቅላላ 17 ሺህ ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። በ2023 ከአንድ ሚሊዮን ሜጋ ዋት አለፈ። ጎረቤታችን ኬንያ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይኖች ተክላ 310 ሜጋ ዋት አላት። የእኛው አዳማ አንድ 51፣ አሸጎዳ 120፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ናቸው። አሸጎዳ ከመቀሌ አጠገብ ነው። ከወሎ ደጋ ብዙም አይርቅም፤ ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። እዚያ የሚሠራ ነገር እዚህ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ግን የሽማግሌው ምስክርነት ለባንክ አይበቃም። ከፍ ያለ የመለኪያ ምሰሶ መቆም አለበት። በየከፍታው ፍጥነትና አቅጣጫ ይመዘገባል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ። ምሰሶው ከተርባይን ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። በየወሎ ሸንተረሩ ቢቆም፣ ከጉጉፍቱ እስከ ደላንታ፣ ደስ ይለኛል።

አውድማው አጠገብ ካለው ገደል ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። እነሱም የሚወዱት ይህንኑ ነፋስ ነው። ሽቅብ በሚወጣ አየር የሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች በተርባይን ክንፍ ይመታሉ። ከስምጥ ሸለቆው ጋር የሚጓዙት ስደተኛ ወፎችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከመትከል በፊት ወፎቹም መቆጠር አለባቸው። ይህን እንደ ትርፍ ሥራ የሚያይ ሰው ያናድደኛል።

መኪናው ጡሩንባ ሲነፋ ሽማግሌው ዋናውን ጥያቄ አመጡት።

«መሬቱስ? መብራቱስ ለኛ ይደርሳል?»

መሬቱን በሚመለከት፣ ምሰሶውና መንገዱ የሚይዙት ቦታ አለ፤ በመሐል ያለው ይታረሳል። አዳማ ላይ ገበሬው በምሰሶዎቹ መካከል ያርሳል። የተወሰደው ግን ካሳው ከመቆፈሩ በፊት መከፈል አለበት አልኳቸው። መብራቱ ላይ እውነቱን ነገርኳቸው። ከተርባይን የሚወጣው ኃይል ወደ አገሪቱ ዋና መስመር ነው የሚገባው። ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣ የሚሄደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር እንኳ ወሎን አቋርጦ ሲያልፍ ከሥሩ ላለ መንደር አያበራም። ለመንደር ትራንስፎርመርና ማከፋፈያ መስመር ለብቻው መዘርጋት አለበት፤ በጀቱም ሌላ ነው።

«እንግዲያው ሁለቱን አንድ ላይ ይጻፉታ» አሉ። «ነፋሱን ሲወስዱ መብራቱን።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ውሉ ሲፈረም የአካባቢው ማከፋፈያ መስመር አብሮ ይፈረም፤ ዋጋውም ከፕሮጀክቱ ውስጥ ይታሰብ። ልጁ የት መማር እንደሚችል ጠየቀኝ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እንዳለው ነገርኩት። መኪናው ውስጥ ሆኜ ሳያቸው ነፋሱ ተመልሶ ነበር፤ ሁለቱም ሥራቸውን ቀጠሉ።